ከዝግባው ሥር የተዘገነ አፈር

ባልባላ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2016

ይህን የሚጽፈው እጅ የትግስት ነው፤ ቃሉ የእኔ የሙሐመድኑር ነው። ትግስት ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባል የጅቡቲ ሰፈር አንድ የፈረንጅ ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር የአገራችን ልጅ ናት። ዓርብ ዕረፍቷ ስለሆነ በሚኒባስ ባልባላ ድረስ መጥታ ደጄ ላይ ተቀምጣለች። ፊደሉ ቢጣመም እሷን ውቀሺ። ነገሬ ግን አይጣመምም።

ለወንድሜ ለሸህ ኑረዲን የልጅ ልጅ ለዙለይካ። አሰላሙ አለይኩም። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ከብታችሁን ያርባው፣ እናትሽን በጤና ያቆይልሽ። እኔን ካልሽ አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴን ያመኛል፣ የግራ ጆሮዬን ወደቡ በልቶታል፣ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። የቀረው ደህና ነው። ሸክሙን ከተውኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትግስት ያለችበት ቤት ሄጄ አትክልት አጠጣለሁ። ፈረንጆቹ ጃርዲንዬ ይሉኛል፣ አትክልተኛ ማለታቸው ነው።

ደብዳቤሽን ጎሳዬ ሾፌሩ ከኮምቦልቻ ይዞልኝ መጣ። ስልክ ትተሽ መጻፍሽ ደግ አደረግሽ። በስልክ ሲሆን የምትጮሂው አንቺ፣ የሚሰማው ሰፈሩ ሁሉ፣ የማይሰማው እኔ ብቻ ነኝ።

ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። የገባኝ ይኼ ነው። ሃያ ሁለት ሴቶች ማኅበር አቋቁማችሁ ቀበሌው ቀይ ገደልን ሰጣችሁ። ድሮ የነበረበትን ዝግባ እንመልስበታለን ብላችሁ ሁለት ክረምት ተከላችሁ፣ ሁለቱንም በጋ በላው። አሁን ቀበሌው ለ2017 ክረምት አምስት ሺህ ደህና የዝግባ ችግኝ ካላሳያችሁ ገደሉን ለባሕር ዛፍ ተካዮች እሰጣለሁ አለ። አምስት ሺህ! በቀበሌው አልፈርድም። ባሕር ዛፍ በአምስት ዓመት ቤት ይሠራበታል። ዝግባ የሚተክል ሰው ለማያያቸው ሰዎች ነው የሚተክለው።

ከዚያ ያልሽው፣ "በ1978 በምግብ ለሥራው ጊዜ፣ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ዝግባ ያጸደቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ ይባላል፤ እንዴት አድርገው ነው?" ነው። ይባላል አትበይ። እኔ ብቻ ነበርኩ። የሌላው ሰው ችግኝ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ የእኔ መደብ እንደ ጎመን አረንጓዴ ነበር። ከወረዳው ድረስ እየመጡ አይተውታል። እንዴት ነው ላልሽው፣ እጅ ነው። እጁ የሚይዝለት ሰው አለ፣ የማይዝለት ሰው አለ። የእኔ እጅ ይይዛል።

ይኼ አይበቃኝም ካልሽ የሞተውን ችግኝ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ለጎሳዬ ስጪው። ዓይኔ ባያይ ጣቴ ያያል።

ሙሐመድኑር ነኝ

*

ሾላ አምባ፣ ህዳር 14 ቀን 2016

ለማከብርዎ ለአባባ ሙሐመድኑር። ወአለይኩሙ ሰላም። ጉልበትዎን አላህ ያድንልዎ፣ የዓይንዎንም ሞራ ይግፈፍልዎ። እናቴ እጅዎን ትስማለች። ለትግስትም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ፊደሏ ከእኔ ይሻላል።

ሥሩን ልኬያለሁ። ሳይቆጡ ያንብቡልኝ፣ ያደረግሁትን ሁሉ ልናገር።

የችግኙን ፕላስቲክ የምንሞላው የወንዝ አሸዋ፣ የበሰለ ፍግና ከቀይ ገደል የተቆፈረ አፈር ቀላቅለን ነው። ፍሬውን የምንለቅመው ከሸሆቹ ደን ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት ከሸሆቹ መቃብር ዙሪያ ካሉት ሽማግሌ ዝግባዎች በስተቀር በአገሩ የድሮ ዝግባ አልተረፈም። የወደቀ ፍሬ ልቀሙ ይሉናል። አፈር ግን በጥፍራችን እንኳ ይዘን እንድንወጣ አይፈቅዱም። በሩ ላይ አንድ አባት ቆመው ጫማችንን ያስወልቁናል። ዘንቢላችንን ገልብጠን፣ ነጠላችንን አራግፈን ነው የምንወጣው። ሱሪያ የምትባል የማኅበራችን ሴት "ዱባይ ኤርፖርት እንኳ እንዲህ አልፈተሹኝም" እያለች ታስቀናለች። ለምን እንደዚህ እንደሚያጠብቁ ስጠይቅ "ድሮ የሆነ ነገር አለ" ከማለት አያልፉም።

አሁን ስህተቴን ልናገር። መስከረም ላይ ጥቂት ችግኝ ነቅዬ ሳይ፣ ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠት ተደርድሮበታል። አምና ቲማቲሜ ሥሩ እንዲህ ተቋጥሮ "ትል ገብቶበታል፣ አቃጥዪው" ተብዬ ነበር። ይኼም ያው ነው ብዬ፣ ወደሌላው ሳይዛመት ስምንት መቶ ችግኝ አቃጠልኩ። ሴቶቹ ቆመው አዩኝ። ከላክሁልዎ ጨርቅ ውስጥ ያለው ከዚያ የተረፈ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከደኑ ውጭ በአገራችን አንድ ትልቅ ዝግባ ብቻ አለ፤ እሱም አዳነ የሚባሉ ሽማግሌ ጓሮ ውስጥ ነው። ልጆች "አፈር ሌባው" ይሏቸዋል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ እንኳን አፈር፣ እንቁላሌን ሳልቆጥር የማምናቸው ሰው ናቸው። ባለፈው ሳምንት መደባችን ዳር ቁጢጥ ብለው ብዙ ቆዩና፣

"ሙሐመድኑር በሕይወት አለ?" አሉኝ።

"አለ፣ ጅቡቲ ነው።"

"ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"በይ እሱን ጠይቂው። አፈርሽ ምን እንደጎደለው ያውቃል" ብለው ሄዱ።

አባባ፣ ምንድን ነው የጎደለው?

ዙለይካ

*

ባልባላ፣ ታህሳስ 19 ቀን 2016

እጁ ዛሬም የትግስት ነው። ለዙለይካ ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ አላህ ትዕግሥት ይስጥሽ፣ እኔንም ከቁጣ ይጠብቀኝ። አልጠበቀኝም። አንቺ ደንቆሮ! ትግስት "ደንቆሮ የሚለውን ልተወው?" ትለኛለች። አትተዪው። ስምንት መቶ ነፍስ አቃጥላ!

ያ እብጠት በሽታ አይደለም። ዝግባ ሲፈጠር እንደዚያ ነው። አራት ዓመት ስነቅል ስተክል በጣቴ መሃል ያለፈው የዝግባ ሥር ሁሉ እንደዚያ ነበር። የደህናውም የሞተውም። ከቲማቲም ጋር ምን አገናኘሽው?

አሁን ቁጣዬ በርዷል፣ የሆነውን ልንገርሽ። ጎሳዬ ጨርቁን ፒኬ 12 ከሚባለው የጭነት መኪና ማቆሚያ አምጥቶ ሰጠኝ። ፈታሁት። ሠላሳ ሰባት ዓመት የዝግባ ሥር አልነካሁም ነበር። እዚህ ምድሩ ዛጎልና ጨው ነው፣ ሲቆፍሩት ይጮኻል። ሥሩን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ሳብ አደረግሁት። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ሌላ። ከጎመን ዘር የማይበልጥ ፍሬ፣ ሳያዛንፍ በሁለት ተርታ። ዙለይካ፣ ተስቢህ ነው፣ በክር የተሰካ መቁጠሪያ። ከመሬት በታች፣ ማንም በማያይበት፣ ያ ቀጭን ሥር ተስቢሁን ይዞ ተቀምጧል። ያኔ ጎልማሳ ሳለሁ በቀን መቶ እየነካሁ ምንም አላሰብኩም። አሁን ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ እስከ ጫፉ አንድ በአንድ ቆጠርኩት።

ጎረቤቴ ሐዲጃ ሶማሊ ናት፤ ውሃ ቀድታ ስታልፍ "ምንድን ነው?" አለች። መዳፏ ላይ አደረግሁላት። ሱብሐነላህ ብላ ባልዲዋን አስቀመጠች። ትግስትም በሚቀጥለው ዓርብ ከጌቶቿ ቤት ማጉያ መነጽር ተውሳ መጣችና አየችው። "አባባ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ነው፣ ፊት ለፊት ተያይቶ ነው የተተከለው" አለችኝ። ጫቱ ገብቶ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ገበያ ሲሮጥ እኛ ሦስታችን ሥር ላይ ተደፍተን ነበር። ወደብ ላይ ተራራ የሚያህል መርከብ አራግፌያለሁ፣ እንዲህ አላስደነቀኝም። ምን እንደሚሠራ ግን አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ካገኘሽ ጠይቂና ጻፊልኝ።

ለችግኙ ጥላ ጨምሪ፣ ውሃ ቀንሺ፣ ፍጉን አሳንሺ። ስለዚያ ሽማግሌ አትጻፊልኝ።

ሙሐመድኑር

(ዙለይካ፣ ትግስት ነኝ፣ ይህን ሳነብላቸው እዘለዋለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ አዳነ የሚለው ስም ጋ ስደርስ "ተመለሽ" አሉኝ። አራት ጊዜ አስነበቡኝ።)

*

ሾላ አምባ፣ የካቲት 3 ቀን 2016

ለአባባ ሙሐመድኑር፣ ሰላምዎ የበዛ ይሁን። ደንቆሮ ማለትዎ ይገባኛል፤ እናቴም "ገና ምኑን ሰማሽ" ብላኛለች።

እንዳሉኝ ጥላ ጨመርኩ፣ ውሃ ቀነስኩ። ቢጫው አልቆመም። ጥር ላይ ግማሹ ደረቀ። ደብዳቤዬ የዘገየው ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር ስለገጠመኝ ነው።

የሚያውቅ ሰው ፈልጊ ብለውኝ አልነበር? ደሴ የምታስተምር ራህመት የምትባል ሴት አገኘሁ። ስለ ዛፍ ሥር ነው የተማረችው። እውነት ልናገር፣ ሰው ይህን ሊማር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። የእኛን ችግኝ ሥር ወሰደች፣ ለማነጻጸሪያ ደግሞ ከአዳነ ዝግባ ሥር ጠየቀች። አዳነ "ሥሩን ውሰጂ፣ አፈሩን ግን እዚሁ ታጥቢዋለሽ" አሏት። ጓሯቸው ውስጥ በጣሳ ውሃ አጥባ፣ አፈሩ እዚያው ቀርቶ፣ እርጥብ ሥር ብቻ ይዘን ወጣን። አትጻፊልኝ ማለትዎን አልዘነጋሁም። ያለ እርሳቸው ግን ነገሩ አይነገርም።

ደሴ ወሰደችኝ። ሥሩን በሰማያዊ ቀለም ነክራ ከማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠችው። መጀመሪያ የእኛን አየሁ። ያ ፍሬ ውስጡ ባዶ ነው። ግድግዳ አለ፣ ክፍል ክፍል ሆኖ ተሠርቷል፣ ሰው የለበትም። ቀጥላ የአዳነን ዝግባ አሳየችኝ። አባባ፣ ያየሁትን እንዴት ልንገርዎ? በሰማያዊ ክር ተሞልቷል። ክሩ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል፣ ከውጭ ገብቶ በክፍሎቹ መሃል ይሄዳል፣ በየክፍሉ ውስጥ ደግሞ ቅርንጫፍ ያወጣል። ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ የቅርንጫፍ ቅርንጫፍ። በዝግባው ሥር ውስጥ ዓይን የማያየው ሌላ ዛፍ ቆሟል! አንድ ብቻ አይደለም፣ ደን ነው። ዓይኔን ከመነጽሩ ሳነሳ ራህመት እየሳቀች "እኔም መጀመሪያ ቀን አልቅሻለሁ" አለችኝ። እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ክሩ ፈንገስ ነው አለች። የእንጉዳይ ዘመድ ነው፣ ይኼኛው ግን ከመሬት ብቅ አይልም፣ ሰው ሳያየው ይኖራል። ሥሩ የማይደርስበት ድረስ በአፈሩ መሃል እየተሳበ ሄዶ ውሃና የአፈሩን ጨው ለዛፉ ያመጣል። ዛፉ ደግሞ ቅጠሉ ከፀሐይ ያበሰለውን ስኳር ወደታች ያወርድለታል። አንዱ ያለ ሌላው ይቀጭጫል። ከአሮጌ ደን አንድ እፍኝ አፈር ተዘግኖ በውስጡ ያለው ክር ቢዘረጋ ከመስጂዳችን አልፎ አስፋልቱ ድረስ ይሄዳል አለችኝ። ሰው ሳይፈጠር፣ አበባ የሚባል ሳይኖር፣ መጀመሪያ ወደ የብስ የወጡት ዕፅዋት ሲወጡ ይኼ ክር አብሯቸው ነበር። ዝግባ ደግሞ ሥሩ ላይ ያን ፍሬ የሚያበቅለው ክሩ ኖረም አልኖረም ነው። ቤቱን ሠርቶ ይጠብቃል። የእኛ ችግኞች ቤት ሠርተው ጠበቁ፣ የመጣላቸው የለም።

ለምን አልመጣም? ቀይ ገደል የላይ አፈሩ በጎርፍ ከሄደ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ ከእሱም ጋር ክሩ ሄዷል። የወንዝ አሸዋውም ባዶ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው አለች ራህመት፤ በሕይወት ካለ ዝግባ ሥር የተዘገነ አፈር፣ ለእያንዳንዱ ፕላስቲክ አንድ እፍኝ። ግን እስከ ሰኔ መጨረሻ ፕላስቲኩ ውስጥ ካልገባ ለከርሞ ክረምት አይደርስም።

ደኑን የሚጠብቁትን አባቶች ለመንኳቸው። "ከዚህ አፈር አይወጣም፣ አንዴ ወጥቶ ያመጣውን አይተናል" አሉ። አዳነ ዘንድ ሄድኩ።

"ስሚ ልጄ" አሉኝ። "ሠላሳ ስምንት ዓመት አፈር ሌባ ተብያለሁ። አሁን በእጄ አፈር ዝቄ ብሰጥሽ 'ይኸው፣ የሰረቀውን ማከፋፈል ጀመረ' ይሉኛል። የወሰደው ሰው ይናገር። በነጋታው እኔ ራሴ ተሸክሜ አመጣልሻለሁ።"

"ማን ነው የወሰደው?"

"እሱ ያውቃል። ያኔም ሰው አላሳጣሁም፣ ዛሬም አላሳጣም።"

ሱሪያ "ሽማግሌው ጁምዓ ገበያ ሲወጡ አጥሩን ዘለን አንድ ጆንያ እንሙላ" አለች። "ከዚያ እሳቸው ሌባ፣ እኛ ሌባ፣ ችግኙ የሌባ ልጅ እንሁን?" አልኳት።

አባባ፣ እጅ ነው ብለውኝ ነበር። እጅ እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ። የእርስዎ መደብ ውስጥ ይኼ ክር ነበረበት። ያን አፈር ከየት አመጡት?

ዙለይካ

*

ሾላ አምባ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2016

ለአባባ ሙሐመድኑር። ዒድ ሙባረክ፣ የዓመት ሰው ይበለን። መልስዎ ከዘገየ ሁለት ወር ሆነው። ጎሳዬ ሦስት ጊዜ ደርሶ መጣ፤ "በእጃቸው ሰጥቻቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው፣ 'ሰላም በላት' አሉኝ" ይላል። ሰላም ደርሶኛል።

እናቴን ጠየቅኋት። ልጅ ነበረች፣ መስጂዱ ደጅ የመሐላ ቀን እንደነበረና አያቴ ኑረዲን ሲያለቅሱ ማየቷን ብቻ ነው የምታስታውሰው። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም፤ እርስዎንም አልጠይቅም።

ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ወር ተኩል ቀርቶታል። የቀሩን ስድስት ሺህ ችግኞች ናቸው።

ዙለይካ

*

ባልባላ፣ ግንቦት 23 ቀን 2016

እጁ የትግስት ነው። ወንጀሉ የእኔ ነው። እንዳለ ጻፊው አልኳት፣ ጻፈችው።

ዙለይካ፣ ይኼ ደብዳቤ የአንቺ ብቻ አይደለም። ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ሰው ሳይበተን፣ መስጂዱ ደጅ ቆመሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። አዳነን አስቀድመሽ ጥሪውና ከፊት አስቀምጪው። እሱ ካልመጣ አታንብቢ።

ሦስት ወር ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። ዓርብ ዓርብ ትግስት ወረቀቷን ዘርግታ ስትቀመጥ ስለ ጉልበቴ አወራላታለሁ፣ ስለ ሙቀቱ አወራላታለሁ። ባለፈው ዓርብ "አባባ፣ ጉልበትዎን በቃልዎ አውቀዋለሁ፣ ሌላ ነገር ይንገሩኝ" ብላ ብዕሯን ከደነች። በዚያ ተቆጥቼ አመሸሁ። ዛሬ ራሴ አስጠራኋት።

የሾላ አምባ ሰዎች፣ ስሙ። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝግባዬ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ አለቀ። በ1978 አባቴ ትዝ አለኝ። ከደን ሁለት ቡቃያ አምጥቶ ደጃችን ሲተክል፣ ሥሩን አራግፎ የተከለው ደረቀ፣ ከነአፈሩ ያነሳው ጸደቀ። ነገሩ አፈሩ ላይ ነው አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ነው አልኩ። የዝግባ አፈር ያለው ደግሞ ሸሆቹ ደን ነው፣ ጠባቂው የገዛ ወንድሜ ኑረዲን ነው። ብጠይቀው እንደማይሰጠኝ አውቃለሁ። አልጠየቅሁትም። ፈጅር ላይ ሰው ለሰላት ሲገባ ጆንያ ይዤ በኋላ በኩል እገባለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ ወስጃለሁ። ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ እፍኝ አደረግሁ። በሁለት ወሩ አረንጓዴ ሆነ። ሰው እጁ ይይዛል አለኝ፣ እኔም አመንኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ወገቤ ያዘኝ። አዳነ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነበር፣ ከሌላ አገር በረሃቡ የመጣ፣ በአካባቢው ዘመድ የሌለው። "ይቺን ፍግ ጣቢያ አድርስልኝ" ብዬ አሸከምኩት። መንገድ ላይ ያዙት። ጆንያው ሲፈታ የዝግባ ቅጠልና ፍሬ ያለበት የመቃብር አፈር ሆነ።

ኑረዲን ሁላችንንም መስጂዱ ደጅ ሰበሰበን። ያልወሰደ ይማል ተባለ። ተራዬ ሲደርስ ቆሜ፣ ወንድሜን ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ አልወሰድኩም ብዬ ማልኩ። የአዳነ ተራ ሲደርስ "ሰው ያሸከመኝን ተሸክሜያለሁ። ለማላውቀው ነገር አልምልም" አለ። ማን አሸከመህ ሲሉት ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሱ ስሜን አልጠራም። ታውቃላችሁ፣ በእኛ አገር ያልማለ ነው ሌባው። የምግብ ለሥራው ስንዴ ተቆረጠበት፣ ከጣቢያው ተባረረ፣ ጥጥ ለቀማ አዋሽ ወረደ። ሊሄድ ሲል ከመደቤ አንድ የዝግባ ችግኝ ሰጠሁት። ያንን ሰጥቼ ዕዳዬን ከፈልኩ፣ አለቀ አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ። ከዓመት በኋላ ችግኙን ከነአፈሩ አቆይቶ፣ ተመልሶ ጓሮው መትከሉን ስሰማ አገሩ ጠበበኝ። በጭነት መኪና ላይ ወጥቼ እዚህ መጣሁ።

ኑረዲን እስኪሞት አመነኝ። "ወንድሜ አይዋሽም" ይል ነበር አሉ።

ዙለይካ፣ ስለ ክሩ የጻፍሽውን ሰባት ዓርብ አስነብቤዋለሁ። በቃሌ ይዤዋለሁ። ጠዋት ፕላቶ ላይ የፈረንጆቹን አበባ ሳጠጣ እሱን አስባለሁ፣ ከምንጣፌ ላይም ሳልነሳ እሱን አስባለሁ። እኔ አፈር አልወሰድኩም ብዬ ነው የማልኩት። የወሰድኩት ከአፈር የሚበልጥ ነገር ነበር። በጀርባዬ ላይ፣ በአንድ ጆንያ ውስጥ፣ ከአባታችን ከአደም የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ፍጥረት ተሸክሜ ስሄድ ወገቤን ነው ያሰብኩት። ደግሞ የሚያስፈራኝ ይኼ ነው፤ የአዳነ ዝግባ ሥር ያለው ክር የዚያ ጆንያ ዘር ነው። እኔ የሰረቅሁት፣ እኔ ካሳጣሁት ሰው ጓሮ ገብቶ፣ እሱ በየመንገዱ ሲሰደብ ከመሬቱ በታች ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሠራለት ኖረ። አንድ ቀን አላረፈም። ማን እንደሰረቀው፣ ማን እንደተሰደበ አልጠየቀም። ይኼን ሳስብ ጸጉሬ ይቆማል። አላህ ያየኝ ነበር፤ በማላየው ነገር በኩል ያየኝ ነበር።

እንግዲህ ይኸው። ከሸሆቹ ደን አፈሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ። በሐሰት የማልኩት እኔ ነኝ። አዳነ አልሰረቀም። አባቶች ካሳ ከጣላችሁብኝ እከፍላለሁ፤ መጥተህ ቁም ካላችሁኝ በጎሳዬ መኪና እመጣለሁ።

አዳነ፣ ላንተ አንድ ቃል ነው ያለኝ። ሦስት ወር ሙሉ አፌ ላይ የያዝኩት እሱን ነው፣ ሌላው ቀላል ነበር። ይቅር በለኝ። ካላልክም አልቀየምህም። አፈሩን ግን ለሴቶቹ ስጣቸው።

ዙለይካ፣ ከአንድ ቦታ አትዝገኚ። በዛፉ ዙሪያ ትንሽ ትንሽ ውሰጂና የገለጥሽውን በቅጠል መልሰሽ ሸፍኚ። ቀጫጭን ሥር ያለበትን የላይ አፈር ነው የምትፈልጊው። ፀሐይ እንዳያየው፣ እንዳይደርቅ፣ በእርጥብ ጆንያ ይዘሽ በዚያው ቀን አስገቢው። በጣትሽ ከሥሩ አጠገብ አድርጊው። ይኼን እጄ ነው የሚያውቀው፣ ይኼኛው እውነት ነው።

ትግስት "ስምዎን ከነአባትዎ ልጻፈው?" ትላለች። ከነአያቴ ጻፊው። ሙሐመድኑር የሱፍ እንድሪስ። ሌላ ሙሐመድኑር ነው እንዳይሉ የሸህ ኑረዲን ታናሽ ወንድም ብለሽ ጨምሪበት።

ጎሳዬ በዘጠኝ ሰዓት ይነሳል፣ ሰዓት አለን። ትግስት፣ በይ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ፣ በቀኝ ጆሮዬ በኩል። ምንም አትዝለዪ። ቆይ፣ አትጀምሪ፣ መጀመሪያ ልነሳ፤ በሐሰት ስምልም ቆሜ ነበር። እጅሽን ስጪኝ። አሁን አንብቢ።